ጁምዓን የጠበቀ መርዶ

ያን ዕለት ሐቡብ የሚሉት የካርቱም የአቧራ ማዕበል የተነሣው ከዐሥር ሰዓት በኋላ ነበር። ሰማዩ በደቡብ በኩል መጀመሪያ ቡኒ ሆነ፤ ቀጥሎ ቀላ፤ ከዚያ አቧራው እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። የአል-ሳሃፋ ሰፈር ባለሱቆች በራቸውን እያጋጩ ዘጉ። ረክሻ ነጂዎች ባለሦስት እግር መኪናቸውን መንገድ ዳር ጥለው ከየጥጉ ተሸጎጡ። በእታታ ዛሂራ ስልክ ቤት ግን ዐሥራ አንድ የወሎ ልጆች ወረፋ ይዘው ነበር። ቀኑ ጁምዓ ነው። በሠራተኝነት ካሉበት የሰው ቤት የሚወጡት በጁምዓ ብቻ ነውና አቧራ ቀርቶ እሳት ቢዘንብ ከወረፋቸው ንቅንቅ አይሉም።

ሉጥፊያ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ስትጎስር መብራት ጠፋ። ከመብራቱ ጋር ስልኮቹም ዝም አሉ።

"ማፊ ሸበካ!" እያለች አንዲት ልጅ ከሳጥኑ ወጣች። "መስመሩ ጠፋ! ጉድ እኮ ነው፤ እናትሽ እዚሁ ናት ላቅርብልሽ እያሉኝ ተቆረጠ።"

"እናትሽ የትም አትሄድም። ተቀመጪ" አለቻት ሉጥፊያ።

ሱቁን ሱዳኖች ኢቲሳላት ይሉታል። ሦስት የእንጨት ሳጥን፣ በየሳጥኑ አንድ ስልክና አንድ በርጩማ፣ ከፊት ደግሞ አንድ ባንኮኒ ነው። ባንኮኒው ላይ የምትቀመጠው ሉጥፊያ ናት። ከባቲ ገጠር፣ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ፣ በመተማ አድርጋ ካርቱም ስትገባ ሃያ ዓመቷ ነበር። በሁለተኛው ወር ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሲለቅም ሮጣ የገባችው እዚህ ሱቅ ነው። እታታ ዛሂራ አንዱ ሳጥን ውስጥ ከተቷት፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፈው "አውሪ! ዝም እንዳትዪ" አሏት። ፖሊሱ በመስታወቱ አጮልቆ ሲያይ ሉጥፊያ ማንም በሌለበት ስልክ ስለ ላምና ስለ ጥጃ ታወራ ነበር። ፖሊሱ ሄደ። እሷ ቀረች። ስድስት ዓመት እዚያው ቀረች።

እታታ ዛሂራ በሐቡቡ ቀን ሱቅ አልነበሩም። መርዶ ሊያረዱ ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ጀብራ ሰፈር ሄደው ነበር። ይህ የስልክ ቤቱ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ ዋጋ የማይጠየቅበት። አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰብ ለልጅቱ አይደውልም። የሚደውለው ለእታታ ዛሂራ ነው። እታታ ወሬውን በሆዳቸው ይይዛሉ፤ ለሉጥፊያ እንኳ ትንፍሽ አይሉም። ከልጅቱ አገር ሰዎች የምትወዳቸውን ሦስት ሴቶች ይመርጡና በጁምዓ ማለዳ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። አንዷ ከኋላ ትይዛታለች፤ አንዷ ውኃ ይዛ ትቆማለች፤ አንዷ መሬት ላይ እንዳትወድቅ ፍራሽ ታነጥፋለች። ከዚያ እታታ ይናገራሉ።

"ሞት በሽቦ አይነገርም" ይሉ ነበር። "ስልክ አያቅፍም።"

ከወረፋው መጨረሻ አብራር ተቀምጣ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አርካዊት ሰፈር የሰው ቤት ትሠራለች፤ የሉጥፊያ የሰፈሯ ልጅ ናት። አቧራው ይሁን እንባ ዓይኗ ቀልቷል።

"እታለም፣ ዛሬም እናቴን ሳልሰማት ልመለስ ነው? ሦስት ጁምዓ ሆነኝ እኮ! ባለፈው እንግዳ አለ ብላ መዳም አላስወጣችኝም።"

ሉጥፊያ ዙሪያዋን አየች። ባንኮኒው ሥር ያስቀመጠችውን የራሷን ስልክ አየች። ከጎረቤት ሱቅ ያለ ተማሪ በኢንተርኔት መደወል ካስተማራት ሁለት ወር ሆኗታል፤ ለማንም አልተናገረችም። የምትበላው ከስልክ ቤት ነውና።

"ቤታችሁ ዋይፋይ አለ?" አለቻት ዝቅ ብላ።

"አለ። የመክፈቻ ቁጥሩን መዳም ለኔም ሰጥታኛለች፤ ለልጆቿ ቪዲዮ እያሳየሁ እንዳበላቸው።"

"ስልክሽን ወዲህ በይው።"

ኢሞ የሚሉትን የኢንተርኔት መደወያ ከራሷ ስልክ ወደ አብራር ስልክ አሳለፈችላት። "ወንድምሽ ኢክሪማም ይኼን ስልኩ ላይ ይጫን። በነጻ ታወሪያለሽ። ፊቷንም ታያለሽ።"

"ፊቷን? የእናቴን ፊት?"

"ጥርሷን ሳይቀር ትቆጥሪያለሽ።"

"ጥርስ የላትም እኮ" አለች አብራር፤ ሱቁ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ከዚያ ማን ይመለስ! "ለኔስ? እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ?" እያሉ ባንኮኒውን ከበቡት። ሐቡቡ አልፎ በሩ ሲከፈት ዐሥራ አንዱም ስልክ ላይ ኢሞ ነበር። ሉጥፊያ በሩ ላይ ቆማ "ለእታታ እንዳትነግሩ" ብላ ሸኘቻቸው። በራሷ ላይ ስትፈርድ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከዚያች ቃል ነው። ክፉ ነገር ባይሆን ለምን ደበቀችው?

እታታ ከመርዶው ቤት ደክመው ሲመለሱ ሱቁን ጠርጋ፣ ሳጥኖቹን ወልውላ ጠበቀቻቸው።

"ሰው መጣ?" አሏት።

"መጥተው ነበር። መስመር ጠፋና ሄዱ።"

"ማዓሌሽ፣ ግድ የለም። በሚቀጥለው ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ።"

በሚቀጥለው ሰባት መጡ። በወሩ አራት። የስልክ ካርድ የሚያከፋፍለው አብዱልወሃብ የሚባል የከሰላ ሰው ነበር፤ ባንኮኒው ላይ ክርኑን ተክሎ ስለ ሁሉ ነገር ፍርድ መስጠት ይወዳል።

"ዋይፋይ ስልክን አይገድልም" ይላል በተሰባበረ አማርኛው። "ዋይፋይ የሀብታም ነው። ሐበሺያ ገረድ ማን ዋይፋይ ይሰጣታል? ደግሞ ዋይፋይ ከበር ስትወጪ ይቀራል፤ የስልክ መስመር አብሮሽ ይሄዳል። አብሽሪ፣ አትስጊ፣ ያ ሓጃ ዛሂራ!"

አብዱልወሃብ መዳሞችን አያውቃቸውም። መዳሞቹ ቁጥሩን ራሳቸው ይሰጡ ጀመር። "ከቤተሰብሽ ጋር ማውራት ነው የምትፈልጊው? ይኸው፣ ከጓዳ አውሪ፤ በጁምዓ ምን ያስወጣሻል?" ይላሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው። ኋላ ሲያስቡት፣ ዋይፋዩ ሲሰጣቸው ጁምዓው ተወስዶባቸዋል። ዓመት ሳይሞላ፣ በጁምዓ አል-ሳሃፋ መንገድ ላይ በነጠላ ጫማ ሲሳሳቁ የሚሄዱት የወሎ ልጆች ጠፉ።

እታታ ዛሂራ ግራ ገባቸው። "እነዚህ ልጆች ምን ሆኑ? አስቀየምኳቸው ይሆን?" እያሉ በር በሩን ያያሉ። ሉጥፊያ "መስመሩ ስለሚቆራረጥ ነው" ትላለች። እሳቸው የስልክ ሰው አስጠርተው ሽቦውን ያስቀይራሉ። ሽቦው ምን አጠፋ! ሁለት ጊዜ አስቀየሩት። ሉጥፊያ ለሽቦ ቀያሪው መሰላል ያዘች።

ሱቁ ሲዘጋ ሳጥኖቹን አንድ አናጢ ገዝቶ ቁም ሳጥን አደረጋቸው። እታታ ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቀሩ። ሉጥፊያ ጀብራ የሰው ቤት ገባች። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እታታ የባዶውን ባንኮኒ ጫፍ በእጃቸው እየጠረጉ "ለስልኩስ ግድ የለም። መርዶውን ማን ይናገር?" አሉ።

ሉጥፊያ ሻንጣዋን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ ወጣች።

ሱቁ በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ጀብራ ባለው ቤት ሰሃን እያጠበች ስልኳ ተንጫጫ። የድምፅ መልእክት ነው። የአብራር ወንድም ኢክሪማ ነበር፤ ድምፁ ሰልሏል።

"ሉጥፊያ እህቴ፣ እናታችን ዛሬ ሱብሒ ሶላት ላይ አኺራ ሄደች። ለአብራር እንደ ደንቡ አድርጊልን። እኛ ብትደውልም አናነሣላትም። አደራ።"

ሉጥፊያ እጇን አድርቃ ሁለት ጊዜ ሰማችው። አለቀሰች። የአብራርን እናት ታውቃቸዋለች፤ ልጅ ሆና ከከብት ጥበቃ ስትመለስ እርጎ ያጠጧት ነበር። ካለቀሰች በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣባት፤ እስከ ዛሬ ስታስበው የምታፍርበት። አገር ቤት ያለ ሰው መርዶ ለእሷ አደራ ሲል የመጀመሪያው ነው። የእታታን ቦታ ያዝኩ አለች በልቧ። እንደሳቸው ልታደርገው ቆረጠች። ከኋላ የምትይዘውን መረጠች፤ የአብራር ጎረቤት ቤት የምትሠራዋን ሬሕማን። ውኃ የምትይዘውን መረጠች። ፍራሽ የምታነጥፈውን መረጠች። የምትለብሰውን ጥቁር ሻሽ አጥባ ሰቀለች። ለሦስቱም "ጁምዓ፣ ጎህ ሲቀድ" ብላ ላከችባቸው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። እታታም ሁልጊዜ ጁምዓን ይጠብቁ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት አብራር በኢሞ ደወለችላት። ፊቷ የስልኩን መስታወት ሞልቶታል።

"ሉጥፊያ፣ ቤት አያነሡም። ትላንትም ዛሬም። ምን ሆነው ነው?"

"መብራት ጠፍቶ ይሆናላ። አገሩን ረሳሽው? አንዴ ከጠፋ ሳምንቱን ነው።"

መርዶ የያዘ ሰው ይዋሻል፤ ነውር የለውም። ስለዚህ ሉጥፊያ ሳትደነግጥ ዋሸች።

"እውነትሽን ነው። እኔ ደግሞ ልቤ ፈርቶ ነበር" አለች አብራር። ደስ ብሏት የመዳሟን አማት አካሄድ ልታሳያት ስልኩን ማጀቱ መደርደሪያ ላይ ደገፈችው። ወገቧን ይዛ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ "ያ ቢት! አንቺ ልጅ! ሻዩ ቀዘቀዘ! ያላ!" እያለች ተንጎማለለች። ሉጥፊያ ሳቀች። ለማስመሰል የጀመረችው ሳቅ እውነተኛ ሆኖ አረፈው፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አብራር ልብስ እየተኮሰች እንደገና ደወለች። ለሉጥፊያ አልነበረም፤ ለቤት ነው። ትላልቆቹ ስልኩን ትራስ ሥር ደብቀው ለቀስተኛ ያስተናግዱ ነበር። የወንድሟ ልጅ ናስራ፣ አራት ዓመቷ ነው፣ ሲንጫጫ ሰማችና አወጣችው። አክስቷን በዚያ መስታወት ማየት የለመደች ልጅ ናት፤ መንካቱን ታውቅበታለች።

"ናስሬ! እማዬስ የታለች? አሳዪኝ እስቲ።"

አብራር ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች። ላሟን አሳዪኝ፣ በሩን አሳዪኝ፣ እማን አሳዪኝ። ልጅቱም እንደ ልማዷ ስልኩን ይዛ ወጣች። ድንኳኑን አሳየቻት። ምንጣፍ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አሳየቻት። የአብራር እናት የምትቀመጥባትን መደብ፣ ባዶዋን፣ አሳየቻት።

"እማዬ የለችም" አለች ናስራ። "አባዬና አያ መሐመድ አፈር አለበሷት።"

አብራር የጮኸችውን ጩኸት ሬሕማ ከጎረቤት ቤት ሰማችው። የአብራር መዳም ልጅቱ አበደች ብላ ልጆቿን ይዛ ክፍል ገብታ ዘጋች። ሬሕማ አጥር ዘላ ስትገባ አብራር ካውያው ላይ ወድቃለች፤ ግራ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ተልጧል። ከኋላ የያዛት አልነበረም። ውኃ የያዘ አልነበረም። ስልኩ ወለሉ ላይ ተገልብጦ ናስራ ከውስጡ "እትዬ! እትዬ!" ትላለች።

ጁምዓ ማለዳ ሉጥፊያና ሁለቱ ሴቶች ጥቁር ሻሻቸውን ጠቅልለው አርካዊት ደረሱ። ለመርዶ የወጡት ለቅሶ ደረሱ። አብራር በፋሻ የተጠቀለለ ክንዷን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ተቀምጣለች። ሉጥፊያ አጠገቧ ስትቀመጥ ቀና ብላ አየቻት።

"መብራት ጠፍቶ ነው አልሽኝ።"

"አብሽሪ እታለም፣ አላህ ይዘንላቸው..."

"ታውቂ ነበር?"

ሬሕማ አንገቷን ደፋች። ሌሎቹም ደፉ። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ግን የተጠየቀችው ሉጥፊያ ናት።

"ወላሂ አላወቅሁም" አለች።

ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። በአላህ ስም ምላ ዋሸች፤ በለቅሶ ቤት፣ በሦስት ምስክር ፊት። አብራር ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለችና አለቀሰች። ሉጥፊያ አቀፈቻት። ያን ያህል የከበዳት ነገር ተሸክማ አታውቅም።

ያኑ ቀን በሐፍላ አውቶቡስ ተሳፍራ አል-ሳሃፋ ሄደች። እታታ ዛሂራ ከተዘጋው ሱቅ ጀርባ፣ በር ላይ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ፊታቸው ከስቷል። ሉጥፊያ ቆማ ሁሉንም ዘከዘከችው፤ ከሐቡቡ ቀን ጀምራ።

"...ኢሞውን የበተንኩት እኔ ነኝ እታታ። ሱቅዎን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ዐሥራ አንድ ሴት ምሥጢር ትጠብቃለች ብለሽ ነው?" ሽንኩርቱን አልተዉም። "በሳምንቱ ሰባቱ ነገሩኝ። ሌሎቹ አራት ያልነገሩኝ ካንቺ ጋር መጣላት ፈርተው ነው።"

"ታዲያ ሽቦውን ለምን ያስቀይሩ ነበር?"

"ራስሽ ትነግሪኝ እንደሆን ብዬ ስጠብቅ።"

ሉጥፊያ በሩ ጉበን ላይ ተቀመጠች።

"እኔስ ምን ልበላቸው?" አሉ እታታ። "ሱቄ እንዳይዘጋ የእናታችሁን ፊት አትዩ ልበል? ሱቅ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ይህን ግን... ጁምዓን የምጠብቀው ለምን ነበር መሰለሽ?"

"ደንቡ ነው ብዬ..."

"ምን ደንብ አለው! ልጆቹ የሚወጡት በጁምዓ ስለሆነ ነው። እስከዚያ ደግሞ ወሬ የሚገባበት በር አንድ ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንቺ ለየአንዳንዷ በኪሷ በር ሰጥተሽ ስታበቂ፣ ሦስት ቀን ቁጭ ብለሽ ጠበቅሽ። ማክሰኞውኑ የመዳሟን በር አንኳኩተሽ፣ እግሯ ላይ ወድቀሽ መግባት ነበረብሽ።"

"እሺ።"

"ምለሻል?"

"ምያለሁ።"

"እሱን ለአላህ ጹሚለት። እሷን ግን ሄደሽ ንገሪያት።"

"ትጠላኛለች እታታ።"

"ትጥላሽ።"

ሉጥፊያ ሦስት ቀን ጾመች፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ጁምዓ ማለዳ ብቻዋን አርካዊት ሄዳ አንኳኳች። አብራር ራሷ ከፈተች። ክንዷ ላይ ቆዳው አዲስ ሮዝ ሆኖ መጥቷል።

"ግቢ፣ እታለም።"

"አልገባም። ቆሜ ልንገርሽ። አውቅ ነበር። ማክሰኞ ኢክሪማ ልኮብኝ ነበር። ጁምዓ ሴቶች ይዤ ልመጣልሽ ብዬ ያዝኩት። ወላሂ ያልኩሽም ውሸት ነው።"

አብራር የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች። ከውስጥ የመዳሟ ልጆች ቪዲዮ እያዩ ይንጫጫሉ።

"ረቡዕ ዕለት" አለች በመጨረሻ። "የአሮጊቷን አካሄድ ሳሳይሽ... እናቴ ያኔ አፈር ውስጥ ነበረች?"

"አዎ።"

"ሳቅሽ እኮ።"

"ሳቅሁ።"

አብራር አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር። በሩን ቀስ አድርጋ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ አድርጋ ዘጋችው። ሉጥፊያ ሐፍላ ውስጥ ሆና ኢሞውን ብትከፍት የአብራር ፎቶ ከስሟ ጎን ጠፍቷል። ዘግታባታለች። በዚያው ዓመት አብራር አገሯ ገባች። ኢክሪማም ከዚያ ወዲህ ለሉጥፊያ መልእክት ልኮ አያውቅም።

እታታ ዛሂራ የካርቱሙ ጦርነት ሳይጀመር በአንድ ክረምት አረፉ። ሉጥፊያ ገንዛቸዋለች። ልጃቸው ገዳሪፍ ነበረች፤ መርዶውን ለማርዳት ሉጥፊያ ሴቶች እስኪሰበሰቡ አልጠበቀችም፤ በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች፤ ልጅቱን ራሷ ከኋላ ያዘቻት፤ ራሷ ነገረቻት።

ጦርነቱ ሲመጣ አሠሪዎቿ ቤቱን ጠብቂ ብለዋት ሸሹ። የስልክ ምሰሶዎቹ አንድ ባንድ ዝም አሉ፤ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ባዶ ብረት ይዞ ቀረ። "የስልክ መስመር አብሮሽ ይሄዳል" ያለው አብዱልወሃብም የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። አንድ ጎረቤት ግን ከሰማይ የሚቀበል ሳህን አምጥቶ ግቢው ውስጥ ተከለና ዋይፋዩን በሰዓት ማከራየት ጀመረ። በከተማዋ የቀሩት ሐበሾች እዚያ ግቢ ጥላ ሥር ተደርድረው አገር ቤት ይደውላሉ። አገር ቤት ያሉትም የሉጥፊያን ቁጥር ከሰው ሰው እየተቀባበሉ ይዘውታል። ክፉ ወሬ ሲልኩላት ቀኑን አትጠይቅም። የያዘችውን ሥራ ጥላ ጫማዋን ታደርጋለች።

ሉጥፊያ ዛሬም ካርቱም ጀብራ ናት፤ የራሷ ባልሆነ ቤት የኋላ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች፤ አብራር አልደወለችላትም።